የጋሽ ቀስ አረንጓዴ መኪና

ሰፈሩ ባልና ሚስቱን «ቀስና መቀስ» ይላቸው ነበር። ባል በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ የዋና ሥራ አስኪያጁ ሾፌር ነው። መኪና ሲነዳ ብቻ ሳይሆን ሲበላም፣ ሲራመድም፣ ሲያወራም አይቸኩልም፤ የሚጣደፍ ሰው ካየ ደግሞ «ቀስ» ይለዋል። በዚህ የተነሳ መሥሪያ ቤቱም ጎረቤቱም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ ጋሽ ቀስ አለው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንገቷ ላይ ሜትር ሳይንጠለጠል፣ እጇ ላይ መቀስ ሳይኖር ያያት ሰው ስላልነበረ እሷም እትዬ መቀስ ሆና ቀረች። ስማቸው እንዲህ ሲገጥም የሰፈሩ ቀልደኞች ዝም ብለው አላለፉም። «ቀስ የጀመረውን ወሬ መቀስ ትቆርጠዋለች» እያሉ ይስቁባቸው ነበር፤ ውሸትም አልነበረም።

ጋሽ ቀስ ለሃያ ሁለት ዓመት የነዳው አንድ መኪና ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማው የሚጎትት የመስክ መኪና ነበር፤ በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ እንደሱ ያለ ሁለት ብቻ ይገኝ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ጭቃና ዳገት የማይበግረው ጉልበተኛ ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን የትልቅ ሰው ሳሎን። ወንበሮቹ የወተት መልክ ያለው ቆዳ ለብሰዋል፤ ከመሪው ወዲያ ከዳር እስከ ዳር የተወለወለ እንጨት ተለብጦበታል። ጋሽ ቀስ ይህን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር። መስክ ውሎ ሲመለስ ራሱ ሳይታጠብ መኪናውን ያጥባል። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ስፌት ማሽኗ ላይ ተቀምጣ የሞተሩን ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። ገና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ተነስታ ምሳውን ታቀርባለች።

ይሁን እንጂ በሃያ ሁለቱ ዓመት ውስጥ እትዬ መቀስ አንድም ቀን እዚያ መኪና ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። ከእንጨቱ በታች «ከሥራ ጉዳይ በስተቀር ሰው መጫን ክልክል ነው» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፋ ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች እንዲህ ያለውን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሚስቶቻቸውን ገበያ ያደርሳሉ፤ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያመጣሉ። ጋሽ ቀስ ግን መኪናውን ሲረከብ መመሪያው ላይ ፈርሟል፤ አንዴ ከፈረመ ፈረመ ነው።

ምጧ የመጣ ዕለት እንኳ አልተለወጠም። ቀትር ነበር፤ እሱ ምሳ ሊበላ መጥቶ መኪናው ደጃፍ ቆሟል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣችና ወደ መኪናው አመራች። እጇ በሩን ሊነካ ሲል «ቆይ፣ እዚህ ጋ አረፍ በይ፤ ታክሲ ላምጣ» አላት። ከዚያ ሮጠ። ጋሽ ቀስ ሲሮጥ የታየው በዕድሜው ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በሚያብረቀርቀው የመኪናው በር ላይ የራሷን ፊት እያየች ጠበቀችው። ልጅቱ ታክሲው ሆስፒታል በደረሰ በግማሽ ሰዓት ተወለደች። ከዚያ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «መኪና ደጄ ቆሞ በታክሲ ሄጄ የወለድኩ እኔ ነኝ» እያለች ታወራ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። እሷ ግን ስታወራው እንጂ ከልቧ ስትስቅበት አትታወቅም።

ከመስክ ሲመለስ አንዳንዴ ስለ አንድ ሐይቅ ይነግራት ነበር። ድርጅቱ ከሚሠራው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አለቃው ከመሐንዲሶቹ ጋር ሥራውን ሲዞር፣ እሱ መኪናውን ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ያቆማል። «ታዲያ ጠዋት ጠዋት ከወዲያ ማዶ...» ብሎ ይጀምራል። እሷ አፏ ስፒል ይዞ፣ ለነገ የተቀጠረ ቀሚስ እጇ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። ከዚያስ ሲባል ወሬው ይጠፋበታል። «ኧረ ምንም፤ ደስ ይላል ለማለት ነው» ብሎ ይተወዋል።

ጡረታ ወጣ። መኪናውም በዚያው ወር ከሥራ ወጣ፤ አዲስ የተሾመው ሥራ አስኪያጅ አዲስ መኪና ተገዝቶለት ነበር። ጋሽ ቀስ ቤት መዋል አላወቀበትም። በረንዳው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ይነሳል፤ የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፤ በማግስቱ እንደገና ይቀባል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ።

ለቅሶው አልፎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ እትዬ መቀስ አንድ ነገር ታዘበች። ቀትር ሲቃረብ እግሯ ከማሽኑ ፔዳል ላይ በራሱ ይነሳል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ጆሮዋ ወደ መታጠፊያው ይሄዳል። መኪና ያልፋል፣ ሌላም ያልፋል፤ ያ ሞተር ግን የለም። ከዚያ እግሯን መልሳ ትሰፋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገች፤ ለልጇም ቢሆን አልነገረቻትም።

ማስታወቂያውን ያየችው ሥራ ላይ ሆና ነው። የእጅጌ ልክ በጋዜጣ ላይ አስምራ ልትቆርጥ መቀሷን ከፍታ ሳለ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ አረፈ። የድርጅቱ ስም ነው። ያገለገሉ ንብረቶችን በሐራጅ ይሸጣል ይላል፤ ጀነሬተር፣ ብረታ ብረት፣ ሦስት የጭነት መኪና፣ ከመጨረሻው ላይ አንድ የመስክ አውቶሞቢል፣ ቀለሙ አረንጓዴ። መቀሱን አስቀመጠች። ለቀሚሱ ባለቤት ሌላ ጋዜጣ ፈልጋ ቆረጠች።

ንብረቱን ማየት በሚፈቀድበት ቀን ነጠላ ጫማዋን በደህና ጫማ ቀይራ ሄደች። ግቢው የዛገ ብረት ተራራ ነው። ጎማቸው የሟሸሸ፣ መስታወታቸው የረገፈ መኪኖች ተደርድረዋል። ከመጋዘኑ ጥግ ግን ሸራ የለበሰ አንድ ነገር ቆሟል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ቀጭን፣ ቁልፍ የታጨቀበት ቀለበት ከወገቡ የማይለየው ሰው ነው። ማን እንደሆነች ሳትነግረው አወቃት፤ ለቅሶ ላይ አይቷት ኖሯል። ሰላም ሲላት ዓይኗን አላያትም። ሸራውን ከፊት ወደ ኋላ ጠቅልሎ ሲገፈው እትዬ መቀስ አፏን ያዘች። መኪናው አልተነካም። ቀለሙ ያው ነው፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ማን ነው እንዲህ የጠበቀው?» አለች።

«እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን አስነሳዋለሁ» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መመሪያው ከውጭ ማየት እንጂ መግባት አይፈቅድም። እርስዎ ግን ይግቡ ግድ የለም።»

«መመሪያ ካለ ይቅር» አለችው። ከአፏ ሲወጣ ካሰበችው በላይ መረረ።

በመስኮቱ አሻግራ አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ባሏ የተቀመጠበት ወንበር በግራ በኩል ጎድጉዷል፤ ሰውየው ትንሽ ወደ በሩ ያዘነብል ነበርና። ጎኑ ያለው የጋቢናው ወንበር ግን ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። አለቃው ከኋላ ነበር የሚቀመጠው። ስፌቱን እንደ ሙያዋ መረመረችው፤ አንዲት ክር አልላላችም። ቤቷ እስክትደርስ ልትገዛው ቆርጣ ነበር።

ልጇ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አግብታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች። ነገሩን ስትሰማ ከሥራ በቀጥታ መጣች።

«እማዬ፣ መንዳት እኮ አትችዪም።»

«እማራለኋ።»

«በሃምሳ ስምንት ዓመትሽ? ደግሞስ ያ ገንዘብ ለሱቅ ያጠራቀምሽው አይደል? ስንት ዓመት ሙሉ መንገድ ዳር በር ያለው ሱቅ እያልሽ፣ መስኮት በሌለው ጓዳ ዓይንሽን እያጠፋሽ?»

እትዬ መቀስ ቀሚሷ ላይ የቀረ ክር ለቀመች። ሱቁን በእርግጥ ትፈልገው ነበር። መጋረጃውንም ሳይቀር መርጣለታለች።

«አባዬ ቢኖር ይህን አይፈቅድልሽም ነበር» አለች ልጅቱ በመጨረሻ።

«አባትሽ ያልፈቀደው ነገር ብዙ ነው» አለች እናት።

ሐራጁ የዋለው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ከገዢዎቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። የጭነት መኪኖቹ ተሸጡ፤ ብረታ ብረቱ ተሸጠ። አረንጓዴው መኪና ሲጠራ ግማሹ ሰው ተነስቶ ሄዷል፤ ነዳጅ ይጠጣል፣ መለዋወጫውም ከገበያ ጠፍቷል ብለው። አንድ የሰርግ መኪና አከራይ ግን ቀረ። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። እሱ ዋጋ ሲጠራ እሷ ትጨምራለች፤ እሷ ስትጨምር እሱ ዞር ብሎ ያያታል።

«እትዬ፣ ለማን ነው የሚገዙት?» አላት ከሦስተኛው ዙር በኋላ።

«ለራሴ።»

«ይነዳሉ ማለት ነው?»

«አልነዳም።»

ሰው ሳቀ። እሷ ዓይኗን ከመኪናው ላይ አላነሳችም። ሰውየው ጨመረ፤ ጨመረች። እንደገና ጨመረ። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተጫነችውና ሱቁን፣ መጋረጃውንም ጭምር፣ በአንድ ቃል ጠራችው። አከራዩ እጁን ሊያነሳ ብሎ ፊቷን አየና መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ለሙሽሮች ብዬ ነበር» አለ፤ «እርስዎ ግን ከሙሽራም ብሰዋል።»

አጫራቹ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ዘጋው።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱ አልቆ መኪናውን ልትረከብ ስትሄድ የንብረት ክፍሉ ሰው ቁልፉን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ያዘው።

«እትዬ፣ ከመውሰድዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ጋሽ ቀስ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው እኔ ቢሮ መጥተው ነበር። ‹መኪናውን ለአንድ እሑድ ፍቀድልኝ፤ ባለቤቴን ሐይቁን አሳይቼ ልመልሳት፤ ነዳጁን ከኪሴ እሞላለሁ› አሉኝ።»

እትዬ መቀስ ለቁልፉ የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

«ለቦታው አዲስ ነበርኩ። ደብዳቤ ያምጡ አልኳቸው፤ ጽፈው አመጡ። ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙበት አልኳቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ውጭ አገር ነበሩ። እሑዱ አለፈ። ሰኞ ዕለት ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ‹አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ› ብለውኝ ወጡ። ብፈቅድላቸው እኮ የሚጠይቀኝ አልነበረም።»

«ለኔ አልነገረኝም» አለች።

«ፈቃዱ እጄ ሲገባ ነው የምነግራት ብለው ነበር።»

ብዙ ነገር ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ሰውየውን ልትረግመው አሰበች። ባሏንም ልትወቅሰው አሰበች፤ ያንን ሁሉ ዓመት በሩን ሳትነካ መልሷት፣ መጨረሻ ላይ ደጅ ጠንቶላት፣ ያንንም ይዞባት ሄደ። በዕድሜው ለራሱ አንዲት ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው ስለሷ ደብዳቤ ጽፎ በቢሮ በር ላይ ቆሟል። እሷ ያን እሑድ ምን ስትሠራ እንደዋለች ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ምናልባት ስትሰፋ ነበር። ምናልባት እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ያስነሱት የነበረው ለዚህ ነው?» አለች በመጨረሻ።

ሰውየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «እስከ ቤትዎ እኔ ልንዳልዎት?»

«ይንዱት» አለች፤ «እኔ በታክሲ እከተላለሁ።»

የታክሲው ሾፌር ግራ ገባው። «እናቴ፣ የምንከተለው ማንን ነው?» ሲላት «የራሴን መኪና» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ቤቷ ድረስ አላናገራትም። እሷ ግን ከሌላ ሰው ጎን ሆና የመጀመሪያውን ጉዞ መጓዝ አልሆነላትም፤ ይህን ለማን ታስረዳዋለች? መኪናው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የታክሲውን መስኮት አወረደችና ሞተሩን ሰማች። ዓይኗ ሞላ።

መንዳት ለመማር አምስት ወር ፈጀባት። አሰልጣኙ ማስቲካ የሚያኝክ፣ ታጋሽ ጎረምሳ ነበር። ፍሪሲዮኑን በአንድ ቀን ለመደችው፤ አርባ ዓመት ፔዳል የረገጠ እግር ነው። መከራዋን ያበላት ወደ ኋላ መንዳት ነው። «ወደ ፊት የምሰፋ ሰው ነኝ፤ ወደ ኋላ መሄድ ከየት ይምጣልኝ» እያለች ታስቀው ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና በመፈተኛው ሜዳ ከተተከሉት ሦስት ብረት ገጭታ ወደቀች። ሁለተኛው ላይ አንድም አልነካችም፤ ፈታኙ «ትንሽ ፈጠን ቢሉ» ብሎ ፈረመላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሰው እየመጣ ዘይቱንና ውኃውን ያያል። መጀመሪያ ላይ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚጠጣው ሻዩን። በሦስተኛው ወር «ቁጭ ይበሉ እንጂ» አለችው።

ሐይቁ ድረስ የሄዱት እናትና ልጅ ናቸው። ልጅቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች፤ እናቷ ጋቢናውን ለምን እንዳልሰጠቻት አልጠየቀችም። ሌላ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል የሚጨርሰውን መንገድ እትዬ መቀስ በአራት ሰዓት ጨረሰችው። ከኋላ የጭነት መኪና ጥሩንባ ሲያስጮህባት ዳር ትይዝና ታሳልፈዋለች። ከዋናው መንገድ ወጥተው የጠጠሩን መንገድ ሲጀምሩ ግን መኪናው ሌላ ሆነ። ጠጠሩን እየበላ፣ ሳይንገዳገድ ወጣ ወረደ፤ እጇ ላይ ያለው መሪ የሚያውቀው አገር የገባ ይመስል ነበር።

ውኃው ዳር ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ብላ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙራ አቆመችው። ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ ወደ ታች ወረደች። እትዬ መቀስ ከመሪው ተነስታ፣ በመኪናው ፊት ዞራ፣ የጋቢናውን በር ከፍታ ተቀመጠች። ቆዳው ደረቅ ነበር፤ ሲጫኑት ሲጢጥ አለ። በግራዋ የጎደጎደው ወንበር ባዶ ነው። እጇን ዘርግታ ጉድጓዱ ላይ አሳረፈችው፤ እሷ ስትነዳበት ስለቆየች ሞቋል። ከወዲያ ማዶ አንድ ረድፍ ዛፍ ይታያል፤ ከሥሩ ሸምበቆ፣ ከሸምበቆው ውስጥ እየተነሱ የሚመለሱ ነጫጭ ወፎች። ሊነግራት የነበረው ይህንን ይሆን? ወይስ ከዚያ ወዲህ የጠፋ ሌላ ነገር ነበር? ብትጠብቅ ኖሮ ይጨርሰው ነበር። ስፒሉን ከአፏ አውጥታ፣ ጨርቁን አስቀምጣ ብትጠብቅ። ድምፅ ሳታሰማ ብዙ አለቀሰች።

ልጅቱ ተመልሳ መጣችና በነጂው በር በኩል ቆመች። እናቷን አየች፤ ባዶውን ወንበር አየች።

«ልግባ?»

እትዬ መቀስ ፊቷን ጠረገች። እጇን ከወንበሩ ላይ አነሳች። «ግቢ» አለች ኋላ፤ «እግርሽን ግን አራግፊ።»

ሲመለሱ የነዳችው ልጅቱ ናት፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች። እናት ጋቢናው ውስጥ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ወፍ፣ ድልድይ፣ በመንገዱ ዳር የተኮለኮለ ጠጠር፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ታያለች። አንድ ትልቅ ቁልቁለት ጋ ሲደርሱ መኪናው ፍጥነት ጨመረ።

«አባትሽ እዚህ ጋ ማርሽ ይቀንስ ነበር ይሆን?» አለች።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«እኔም አላውቅም።»

ልጅቱ ትንሽ አሰበችና ማርሹን ቀነሰች።